ሙቀት መያዣው አብሮ የተሰፋበት ሃሞክ በቤት ውስጥ መስራት፦ ልኬት፣ አቆራረጥና ስፌት (የመድረክ ውይይት፤ ከየጽሑፉ በላይ ያለው የጸሐፊው የመድረክ ስም ነው)

ቅምቅማት

ሃሞክ (በሁለት ዛፎች መካከል የሚሰቀል የጨርቅ መኝታ) ላይ ብርዱ የሚገባው ከስር ነው። ስሊፒንግ ባግ (የመኝታ ከረጢት) ከላይ ቢያሞቅም ከጀርባ በኩል ክብደት ስለሚጨፈልቀው የያዘው አየር ይወጣል፤ አየር ያልያዘ ደግሞ አያሞቅም። በዚያ ላይ ንፋሱ ሌሊቱን ሙሉ ከስር ይመላለሳል። ስለዚህ ሙቀት መያዣው ሰውነት በማይጫነው ቦታ፣ ከሚተኛበት ጨርቅ በታች መቀመጥ አለበት። ለየብቻ ተሰፍቶ ከስር የሚታሰረውን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። እዚህ የማቀርበው ግን ከሃሞኩ ጋር አንድ ላይ የሚሰፋውን ነው፤ ማሰርና ማስተካከል የለበትም፣ ሌሊት ተንሸራቶ ጀርባን አያጋልጥም።

አሰራሩ የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው። ሁለት ጨርቅ አለ። የላይኛው ሰውየውን ይሸከማል፣ የታችኛው ሙቀት መያዣውን ብቻ ይሸከማል። የታችኛው ከሰውየው ክብደት ትንሽ እንኳ ከተጋራ ተወጥሯል ማለት ነው፣ ከተወጠረ ደግሞ መሃል ያለውን ይጨፈልቃል። ሁለቱን ጨርቆች በእኩል ልክ ቆርጦ ዙሪያውን መስፋት ቀላል ይመስላል፤ የሚወጣው ግን ከባድና የማያሞቅ ሃሞክ ነው።

የሚያስፈልገው፦

- ለላይኛው፦ ሪፕስቶፕ (ቀዳዳው እንዳይሰፋ በወፍራም ክር እንደ መረብ የተሸመነ) ናይለን ወይም ፖሊስተር፣ በካሬ ሜትር 65 ግራም አካባቢ፣ 3.45 ሜ በ1.50 ሜ
- ለታችኛው፦ ቀለል ያለ፣ አየር የሚያሳልፍ ናይለን፣ በካሬ ሜትር 40 ግራም አካባቢ፣ 2.16 ሜ በ1.60 ሜ
- ሙቀት መያዣ፦ ክላይማሺልድ አፔክስ ወይም ተመሳሳይ ረጅም ጭረት ያለው ሰው ሰራሽ ንጣፍ፣ በካሬ ሜትር 167 ግራም፣ 2.05 ሜ በ1.20 ሜ
- ፖሊስተር ክር (የጥጥ ክር እርጥበትና ጸሐይ ስለሚያበሰብሰው አይሆንም)
- 3 ሚ.ሜ ክብ ላስቲክ 4 ሜ፣ ሁለት የገመድ መቆለፊያ
- ለሁለቱ ጫፎች ቀለበት 2.8 ሚ.ሜ የዳይኒማ (ቀጭን ሆኖ በጣም ጠንካራ ሰው ሰራሽ) ገመድ 2 ሜ፣ ከጫፍ ጫፍ ለሚሄደው የላይኛው ገመድ ደግሞ 2 ሚ.ሜ የሆነ 4 ሜ

የላይኛውን ጨርቅ ሁለት ረጃጅም ጎኖች 1 ሳ.ሜ ሁለት ጊዜ አጥፋችሁ ቀምቅሙ፤ ስፋቱ 1.46 ሜ ይቀራል። ሁለቱን ጫፎች መጀመሪያ 1 ሳ.ሜ፣ ከዚያ 4 ሳ.ሜ አጥፋችሁ ገመድ የሚገባበት ቱቦ ስሩ፤ ርዝመቱ 3.35 ሜ ይሆናል። ቱቦው ላይ በ5 ሚ.ሜ ርቀት ሁለት መስመር ስፌት፣ መነሻና መድረሻው ላይ ወደኋላ መልሶ መስፋት።

ሙቀት መያዣው ከሁለቱም ጫፍ 65 ሳ.ሜ ገባ ብሎ ይጀምራል፤ ሁለቱንም ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጉበት። መሃል ላይ የሚቀረው 2.05 ሜ ከትከሻ በላይ እስከ ተረከዝ ይሸፍናል።

የታችኛው ጨርቅ በወርድ ከላይኛው 10 ሳ.ሜ፣ በርዝመት ደግሞ ከ2.05 ሜው 5 ሳ.ሜ ይበልጣል። በሁለቱ አጫጭር ጫፎች 3 ሳ.ሜ አጥፋችሁ የላስቲክ ቱቦ ስሩ። ንጣፉን መሃሉ ላይ አስቀምጡና ዙሪያውን ከታችኛው ጨርቅ ጋር ብቻ ስፉት፤ ይህ ጨርቅ ክብደት ስለማይሸከም መርፌ ቢበሳውም ችግር የለውም። በመጨረሻ የታችኛውን ረጃጅም ጎኖች ከላይኛው ቅምቅማት ጋር አያይዙ። 5ቱ ትርፍ ሳ.ሜ በ2.05 ሜው ላይ በእኩል ተከፋፍሎ እየተሸበሸበ ይገባል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከተጠራቀመ እዚያው ይንጠለጠልና ቀዝቃዛ ኪስ ይፈጥራል።

የሌሊት ብርድ

አቆራረጡ ትክክል ነው። ንጣፉን ከላይኛው ጨርቅ ጋር መሃል ለመሃል በመስመር መስፋት የሚያስቡ ካሉ ይተዉት። ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ ስፌቱ ባለፈበት ሁሉ ውፍረቱ ዜሮ ስለሚሆን ብርዱ በዚያ መስመር ይገባል። ሁለተኛው ይብሳል፦ ክብደት የሚሸከም ጨርቅ ላይ በተከታታይ የተበሳ ቀዳዳ ጨርቁ የሚቀደድበትን መስመር ማዘጋጀት ነው። የላይኛው ጨርቅ መሃሉ ላይ መርፌ ሊነካው አይገባም።

ስሌት

10 ሳ.ሜ እና 5 ሳ.ሜ የተባሉት ከየት እንደመጡ ላስረዳ። ሌላ ውፍረት ያለው ንጣፍ የሚጠቀም ሰው ልኩን ራሱ ማውጣት አለበትና።

ሁለት ጨርቆች አብረው ሲታጠፉ የውጪው የሚዞረው ሰፋ ያለ ቅስት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የርዝመት ልዩነት፣ የሚታጠፉበት አንግል በራዲያን ሲባዛ በውፍረቱ ነው። የቅስቱ ስፋት ራሱ ስሌቱ ውስጥ አይገባም፤ ለቀጭንም ለወፍራምም ሰው ያው ነው ማለት ነው። ሃሞክ በወርዱ ሰውን አቅፎ ወደ ግማሽ ክብ ይጠጋል፣ 180 ዲግሪ ማለትም 3.14። 167 ግራሙ ንጣፍ ሳይጫን ውፍረቱ 3 ሳ.ሜ ገደማ ነው። 3.14 × 3 = 9.4፣ እናም 10 ሳ.ሜ። በርዝመቱ የሚታጠፈው ቢበዛ 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፦ 1.57 × 3 = 4.7፣ ስለዚህ 5 ሳ.ሜ።

ውፍረቱ 6 ሳ.ሜ ከሆነ ልኩ በእጥፍ ያድጋል፦ በወርድ 19፣ በርዝመት 9.5። ያንኑ 10 ሳ.ሜ ይዞ ንጣፉን ብቻ ማወፈር ዋጋ የለውም፤ የተጨመረው ውፍረት ተመልሶ ይጨፈለቃል።

ገመደኛ

ከስሌት ጋር የሚያያዝ አንድ ነገር ልጨምር። አንግሉ በየምሽቱ የሚለዋወጥ ከሆነ ያ ሁሉ ልኬት ከንቱ ነው። ሃሞኩን አንድ ቀን አጥብቆ፣ ሌላ ቀን አላልቶ የሚሰቅል ሰው የታችኛው ጨርቅ አንዴ ይወጠርበታል፣ አንዴ ይንጠለጠልበታል። መፍትሔው ከጫፍ ጫፍ የሚሄድ ቋሚ የላይ ገመድ ነው። ርዝመቱ የሃሞኩ 83 በመቶ ይሁን፦ 3.35 × 0.83 = 2.78 ሜ። ዛፎቹ ተቀራረቡም ተራራቁም የሃሞኩ ዝቅታ ሁልጊዜ አንድ ይሆናል። ተራ ሃሞክ ላይ ይህ ገመድ ቢኖር ጥሩ ነው፤ ሙቀት መያዣ የተሰፋበት ላይ ግን ግዴታ ነው።

ዛፍ ላይ የሚታሰረው ቀበቶ ከአግድም 30 ዲግሪ ወደ ታች ያዘንብል። በ30 ዲግሪ እያንዳንዱ ወገን የሚስበው ከሰውየው ክብደት ጋር እኩል ነው። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው በየጎኑ 80 ኪሎ ማለት ነው። ወደ 15 ዲግሪ ካጠበቁት 155፣ ወደ 10 ዲግሪ ካጠበቁት 230 ኪሎ ይደርሳል። ገመድ የሚበጠሰውና ስፌት የሚተረተረው በአብዛኛው እዚህ ጋ ነው፤ ጥፋቱ የጨርቁ አይደለም።

በየጫፉ ቱቦ ውስጥ ለሚያልፈው ቀለበት 1 ሜ ዳይኒማ ይበቃል። አትቋጥሩት። ዳይኒማ የሚያንሸራትት ስለሆነ ቋጠሮ ይሾልካል፣ የተቋጠረበት ቦታም ከጥንካሬው ግማሹን ያህል ያጣል። ገመዱ መሃሉ ባዶ ስለሆነ እያንዳንዱን ጫፍ ቢያንስ 20 ሳ.ሜ ወደ ራሱ ውስጥ አስገቡት፣ ጫፉንም ጭረቶቹን እያሳነሳችሁ አሹሉት። ለዛፉ 2.5 ሳ.ሜ ወይም ከዚያ በላይ ስፋት ያለው ጠፍጣፋ የፖሊስተር ቀበቶ ተጠቀሙ። የናይለን ቀበቶ ሌሊት እየተለጠጠ መሬት ያደርሳችኋል። ቀጭን ገመድ ደግሞ የዛፉን ቅርፊት ይቆርጣል፣ ዛፉን ይጎዳል።

ጀማሪ

ጥሩ ትምህርት ነው፣ እናመሰግናለን። ሁለት ጥያቄ አለኝ። ከሰው ሰራሹ ንጣፍ ይልቅ የዳክዬ ወይም የዝይ ለስላሳ ላባ ብጠቀምስ? የብር ቀለም ያለውን አንጸባራቂ ፕላስቲክ መሃል ላይ ማስገባትስ ይጠቅማል?

ላባ ወዳድ

በክብደትም ሆነ ታጥፎ በሚይዘው ቦታ ላባን የሚያህል የለም። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ 800 ደረጃ ያለው ላባ አንድ ግራሙ 460 ኪዩቢክ ሳ.ሜ ያህል ይሞላል። 2.05 ሜ በ1.20 ሜ በ6 ሳ.ሜ ውፍረት 147,600 ኪዩቢክ ሳ.ሜ ነው፣ ማለትም 320 ግራም ላባ። እንዳይንሸራሸር 15 በመቶ ጨምሩበትና 370 ግራም ይሆናል። ከ167 ግራሙ ንጣፍ አጠቃላይ ክብደት (410 ግራም) ቀልሎ ውፍረቱ እጥፍ ነው።

ሆኖም አብሮ ለሚሰፋ ሃሞክ አልመክረውም፤ ይህን የምለው ላባ የምወድ ሰው ሆኜ ነው። ላባ ከ12 እስከ 15 ሳ.ሜ በሆነ ርቀት ክፍልፋይ ይፈልጋል፤ ያለዚያ ሁሉም ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይሰበሰብና ጎኖቹ ባዶ ይቀራሉ። የክፍልፋዩ መጋረጃ ከላይም ከታችም ጨርቅ ላይ መሰፋት አለበት። የላይኛውን ሃሞክ መብሳት አይቻልም ከተባለ ደግሞ ላባ የማያሾልክ ሦስተኛ ጨርቅ መጨመር ነው። ያ ሲሆን ለብቻው የሚታሰር ብርድ ልብስ ሰፍታችሁ ሃሞኩ ላይ ለጠፋችሁት እንጂ አብሮ የተሰፋ አይባልም። ላባ የሚፈልግ ለየብቻ ይስራው፣ የሚታጠበውም ለየብቻ ነውና።

ረጅም ጭረት ያለው ሰው ሰራሽ ንጣፍ እርስ በርሱ ስለተያያዘ ዙሪያውን ብቻ ከተሰፋ ይበቃዋል። ለዚህ አሰራር የሚስማማውም በዚሁ ምክንያት ነው። በተለምዶ ከስር ለሚውል ንጣፍ 100 ግራሙ ለ10 ዲግሪ፣ 133ቱ ለ5፣ 167ቱ ለ0 አካባቢ፣ 200ው ከዜሮ ትንሽ ዝቅ ላለ ይመረጣል። ቶሎ የሚበርደው ሰው አንድ ደረጃ ከፍ ያድርግ።

የሌሊት ብርድ

አንጸባራቂውን ፕላስቲክ በተመለከተ፦ አታስገባው። ሰውነት ሌሊቱን ሙሉ እርጥበት ያወጣል፣ ያ እርጥበት በጨርቁ አልፎ መውጣት አለበት። ፕላስቲኩ ይዘጋዋል፣ ቀዝቃዛው ገጽ ላይ ወደ ውሃ ይለወጣል፣ ውሃው ንጣፉ ውስጥ ይቀራል። የመጀመሪያው ሌሊት የሞቀ ይመስላል፤ በተከታዩ ሌሊት የምትተኛው እርጥብ ነገር ላይ ነው። የሚያንጸባርቅ ነገር ከፊቱ ክፍት አየር ከሌለ ደግሞ ጥቅሙ ትንሽ ነው።

በዚሁ ምክንያት የታችኛው ጨርቅ ሲሊኮን የተቀባ ወይም ውሃ የማያሳልፍ አይሁን። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ጨርቁን አፋችሁ ላይ ወጥራችሁ ንፉበት። ትንፋሽ በትግል ካለፈ ጥሩ ነው፤ ንፋስ ይከላከላል፣ እርጥበት ያስወጣል። ጭራሽ ካላለፈ ተዉት። ያለ ችግር ካለፈ ደግሞ ንፋስ ሲነሳ ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። ዝናብ የሚከላከለው ከላይ የሚወጠረው ሸራ ነው፣ የታችኛው ጨርቅ ስራ አይደለም።

ልብስ ሰፊ

ስለ ስፌቱ ልናገር፤ ብዙ ሰው ልኬቱን በትክክል ይዞ መኪናው ላይ ያበላሸዋል።

መርፌው ቁጥር 70 ወይም 80፣ ጫፉ ሹል ይሁን። ለሹራብ የሚሆነው ጫፉ ድቡልቡል መርፌ ሪፕስቶፕን አይበሳም፣ ጭረቱን ይጎትታል። አዲስ ስራ በአዲስ መርፌ ይጀመር። የስፌቱ ርዝመት 3 ሚ.ሜ። ጥብቅ ስፌት ጠንካራ የሚመስለው ሰው አለ፤ በቀጭን ናይለን ላይ ግን 1.5 ሚ.ሜ ስፌት ጨርቁን እንደ ቴምብር ዳር ይበሳሳዋል። የክሩን ውጥረት ከተለመደው ዝቅ አድርጉት። ጨርቁ ከተጨማደደ ውጥረቱ በዝቷል።

ንጣፉ ሲሰፋ ጭረቱ የመኪናው እግር ላይ ይጠመጠማል። ጨርቁን ከስር፣ ንጣፉን ከላይ አድርጉና በላዩ ላይ 5 ሳ.ሜ ስፋት ያለው ስስ ወረቀት ዘርጉ። በወረቀቱ ላይ ከሰፋችሁ በኋላ ቀድዳችሁ አውጡት። ከስር ያለው ጨርቅ በጥርሶቹ እየተሳበ ከላይ ያለው ንጣፍ ወደኋላ ስለሚቀር በየ10 ሳ.ሜ በመቆንጠጫ ያዙት። ስፒል በንጣፉ ውስጥ ይጠፋል፣ የጠፋ ስፒል ደግሞ የሚገኘው በጀርባ ነው።

የተቆረጠ ናይለን ዳሩ ስለሚተረተር በሻማ ወይም በጋለ ብረት ዳር ዳሩን አቅልጡት፤ ነበልባሉ ጨርቁን ሳይነካ ሙቀቱ ብቻ ይድረሰው። ንጣፉ አጠገብ ይህን አታድርጉ።

የታችኛውን ከላይኛው ጋር ስታያይዙ ስፌቱ በቅምቅማቱ ሦስት ድርብ ላይ ይሁን ብዬ እመክራለሁ፣ ማለትም የታችኛውን ጠርዝ ቅምቅማቱ ውስጥ አስገብቶ አንድ ላይ መስፋት። ከቅምቅማቱ ገባ ብሎ ነጠላው ጨርቅ ላይ ከተሰፋ ሰው ጠርዙን ይዞ ሲነሳ የሚቀደደው እዚያ ነው።

ስሌት

ከመስፋታችሁ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ፣ በተለይ ናይለን ለመረጣችሁ። ናይለን በክብደት ይለጠጣል፣ ሲረጥብ ደግሞ ይብሳል። ጠረጴዛ ላይ 2.05 ሜ የነበረው ምልክት ሰው ሲተኛበት 2.05 ሜ አይደለም። 3 በመቶ ቢለጠጥ 6 ሳ.ሜ ነው፤ የተውነውን 5 ሳ.ሜ ትርፍ ሙሉ በሙሉ በልቶት የታችኛው ጨርቅ መወጠር ይጀምራል። ሙቀት መያዣው «በሆነ ምክንያት አልሰራም» ከሚባልባቸው ጉዳዮች ብዙው ይኸው ነው።

ስለዚህ የላይኛውን ጨርቅ ብቻውን ጨርሳችሁ ስቀሉት። ጥቂት ሰዓት ይተኛበት። ከዚያ ሰው ተኝቶበት እያለ ሌላ ሰው በጠርዙ በኩል በሁለቱ የጠመኔ ምልክቶች መካከል ያለውን ርቀት በሜትር ይለካ። ከ2.05 የበለጠው ስንትም ይሁን ስንት በታችኛው ጨርቅ ርዝመት ላይ ይጨመር፣ ከ5 ሳ.ሜው በተጨማሪ። ፖሊስተር የሚለጠጠው ከናይለን በጣም ያነሰ ስለሆነ ለዚህ አሰራር እኔ የምመርጠው እሱን ነው።

ቅምቅማት

ትክክል፣ ይህ የአሰራሩ አካል ነው። የታችኛውን ጨርቅ ከዚያ ልኬት በፊት አትቁረጡ።

ስለ ላስቲኩም ጥያቄ በግል መጥቶልኛል፣ እዚህ ልመልስ። በሁለቱ ጫፎች ያለው ላስቲክ ስራው የታችኛውን ጨርቅ ጫፍ ከላይኛው ጋር ማገጣጠም ነው፣ ሞቃቱ አየር በትከሻና በእግር በኩል እንዳያመልጥ። ሰው ተኝቶበት እያለ ሌላ ሰው እጁን ከስር ዘርግቶ በጫፉ በኩል ያስገባ። እጁ በቀላሉ ከገባና ክፍተት ከተሰማው ላስቲኩ ላልቷል። ሲያስገባ ጨርቁ እጁን ከጨመቀው ጠብቋል። ልኩ፣ እጅ ሲገባ ሁለቱም ጨርቅ በስሱ ሲነካው ነው። ይህን ፍተሻ ወገብ ስርም ድገሙት። ወገብ ስር ክፍተት ካለ ከታችኛው ጨርቅ ጫፎች ወደ ሃሞኩ ጫፎች የሚሄድ አንዳንድ ላስቲክ ጨምሩ፣ መሃሉን ወደ ላይ ያነሳዋል። ሰው ሳይኖርበት ግን የታችኛው ጨርቅ ዘርፈፍ ብሎ መታየቱ ትክክል ነው፤ ያንን አይታችሁ እንዳታሳጥሩት።

ዛፍ ለዛፍ

ንድፉን ወድጄዋለሁ፣ ግን ሁለቱንም ጎን ዘግቶ መስፋት ላይ አልስማማም። ንጣፉ ሲረጥብ በሁለት ድርብ ጨርቅ መሃል አይደርቅም፣ በሞቃት ወቅትም ተሸክሞት መዞር ነው። አንዱን ረጅም ጎን በዚፕ አድርጉት። ዚፑ ቁጥር 3 ባለ ጥቅል ጥርስ ይበቃል፤ ከሃሞኩ ጠርዝ ጋር በቀጥታ ሳይሆን በመካከል 4 ሳ.ሜ ስፋት ባለው ቁራጭ ጨርቅ ላይ ይሰፋ፣ ጠርዙ ሲወጠር ጥርሱ እንዳይከፈት። ሲሞቅ የተፈታውን ጎን ጠቅልሎ በሌላኛው ጠርዝ ማሰር ይቻላል። ክብደቱ ብዙም አይጨምርም።

ልብስ ሰፊ

በዚህ እስማማለሁ፤ ለጥገናም ይመቻል። ነገር ግን ዚፑ የሚሆነው እግርን አውርዶ የሚገባበት ጎን አይሁን። ሰው ሲቀመጥ ሙሉ ክብደቱ በዚያ ጠርዝ ላይ ያርፋል።

ጀማሪ

ሌላ አንድ ጥያቄ። ሃሞክ ላይ ሰው የሚተኛው ቀጥ ብሎ ሳይሆን ሰያፍ ሆኖ ነው። ንጣፉ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ከሆነ ጥጉ ከንቱ አይደለም ወይ?

ስሌት

ትክክል ነህ፣ ሁለት ጥግ ትርፍ ነው። 1.75 ሜ ቁመት ያለው ሰው ከመሃል መስመር 12 ዲግሪ ያህል ዞሮ ሲተኛ ጭንቅላቱ ወደ አንድ ጎን 18 ሳ.ሜ፣ እግሩ ወደ ሌላው 18 ሳ.ሜ ይሄዳል። ንጣፉን 1.20 ሜ ወርድ ካለው ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ይልቅ 95 ሳ.ሜ ወርድ ያለው ጋደል ያለ አራት ማዕዘን አድርጎ መቁረጥ ይቻላል፤ የራስጌው ጫፍ 18 ሳ.ሜ ወደ አንድ ጎን፣ የግርጌው 18 ሳ.ሜ ወደ ተቃራኒው ይገፋል። የሚቀነሰው ግማሽ ካሬ ሜትር፣ ወደ 85 ግራም ነው። ጉዳቱ ሃሞኩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያስተኛ መሆኑ ነው። በየትኛው ጎን እንደምትተኛ እርግጠኛ ካልሆንክ ግን በሙሉ ወርዱ ስራው፤ በተሳሳተ ጥግ መተኛት ከ85 ግራም ይከብዳል።

ገመደኛ

ለመጀመሪያው ሙከራ፦ ዛፎቹ ከ4 እስከ 4.5 ሜ ይራራቁ፣ ቀበቶው 1.7 ሜ አካባቢ ከፍታ ላይ ይታሰር፣ ሰው ሲቀመጥበት ዝቅተኛው ቦታ ከመሬት 45 ሳ.ሜ ይሁን። ከስር ድንጋይና ጉቶ አይኑር። መጀመሪያ በእጅ ተጫኑት፣ ከዚያ እግራችሁ መሬት እንደነካ ተቀመጡ፣ የጫፎቹን ስፌት አይታችሁ ነው የምትተኙት።

ዝናብ ካለ ውሃ ቀበቶውን ተከትሎ ወርዶ የታችኛውን ጨርቅ ያረጥባል። ከሸራው ስር በሚሆነው የቀበቶው ክፍል፣ ከሃሞኩ በፊት፣ በሁለቱም በኩል የጥጥ ገመድ ቁራጭ እሰሩና ጫፉ ወደ ታች ይንጠልጠል። ውሃው በዚያ ይንጠባጠባል።

ላባ ወዳድ

አቀማመጡንም እንዳትዘነጉ። ሰው ሰራሽ ንጣፍ ለወራት ተጨምቆ ከቆየ ውፍረቱ አይመለስም፣ ስለዚህ በጉዞ ላይ ካልሆነ በስተቀር በትንሽ ከረጢት አታስቀምጡት፤ ሰፊ ከረጢት ውስጥ ላላ ብሎ ይቀመጥ ወይም ይሰቀል። ሲታጠብ በለብታ ውሃና በለስላሳ ሳሙና፣ በእጅ፤ የልብስ ማለስለሻ አይግባበት። አትጭመቁት። በሁለቱም ጫፍ ይዛችሁ ውሃው ይውረድ፣ በጥላ ስር ዚፑ ተከፍቶ ይድረቅ። ጋደል አድርጋችሁ የቆረጣችሁት ከሆነ ደግሞ ከመታጠቡ በፊት የራስጌውን ቱቦ በሌላ ቀለም ክር ምልክት አድርጉበት፣ ጠመኔው በመጀመሪያው እጥበት ይጠፋል።